ፈተናው እስኪያልቅ

ኢዮኤል የእናቱን ሞት የሰማው ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር፣ ገና በሚሠራ ፎቅ መወጣጫ ላይ ቆሞ ነው። ከአዳማ የደወለችለት የአክስቱ ልጅ ሚዛን ናት።

«ቀብረናታል» አለችው። «አንተ ወንድ ነህ፣ ቻለው። ሐሊና ግን ፈተና ደርሶባታል አሉ። እስክትጨርስ አፍህን ያዝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ባልዲውን አነሳ። ሌላ ምን ያደርጋል?

ሐሊና ታናሽ እህቱ ናት። ሁለቱም ናይሮቢ ነው ያደጉት። አባታቸው ሲሞት እሱ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ግንባታ ገባ፣ እሷ ተማረች። እናታቸው በኋላ አገሯ ተመለሰች። አሁን ሐሊና መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ሳውዝ ሲ ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ላፕቶፗን ከፍታ የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ዲግሪ በኦንላይን ትማራለች። የመጨረሻው ፈተና አርብ ነው። ካለፈች እድገት አለ፤ ከወደቀች ኮንትራቷ አይታደስም ተብላለች። እናታቸው ደግሞ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ልትመረቅልኝ ነው» ስትል ነው የከረመችው።

ያን ቀን ኢዮኤል ማታቱ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ ውሸት ሲፈልግ መጣ።

«እማዬ ጠበል ገብታለች» አላት፣ ጫማውን እየፈታ። «ስልክ አልያዘችም። እንዳትደውዪ።»

«አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» አለችና ወደ ላፕቶፗ ዞረች።

ተገላገለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከፋው። ሰው እንዴት ምን አሟት ነው አይልም? ከማን ጋር ሄደች አይልም?

በማግስቱም አልጠየቀችም። ከዚያም በኋላ እንደዚያው።

እሱ ጺሙን ሲላጭ ይሰነብታል፤ ካሳደገው ታውቅበታለቻ። ማልቀስ ሲያምረው ሻወር ይገባል። እሷ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ሊፕስቲክ መቀባት ጀመረች። ኦንላይን ክፍል ስትገባ ካሜራዋን አትከፍትም፤ ድምጿ ግን ይሰማል፣ ከግሩፑ ልጆች ጋር ትስቃለች። ኢዮኤል አልጋው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ሳቋን ይሰማል።

አብሮት የሚለስነው ከሊድ የሰፈሩ ሰው ነው። አንድ ቀን አየት አደረገውና፣

«አንተ፣ ፊትህን እዚህ ግድግዳ ላይ እንዳልለስነው» አለው። «ምን ሆነሃል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«እህትህ ተመርቃ የሰፈሩ አስተዳዳሪ፣ ቺፍ ስትሆን ታርፋለህ ወንድሜ። በሯ ላይ ዘበኛ ታደርግሃለች። ወንበርም ሳትሰጥህ አትቀር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

«እሷ እንኳን እኔን፣ የወለደቻትንም ረስታለች» አለ።

ከሊድ ቀልዱን ተወው። ውኃ አቀበለው።

ረቡዕ ራት ላይ ሐሊና ጥያቄ ጀመረች። ሰሞኑን ደግሞ ጥያቄዋ ሁሉ ስለ ሥራው ነው።

«ዛሬም ፎቁ ላይ ነበርክ?»

«ታዲያ ቢሮ ልግባልሽ?»

«ቀበቶውን ታስራለህ አይደል?»

«ከመቼ ወዲህ ነው የኔ ሥራ ያሳሰበሽ?»

«ብቻ ልወቅ ብዬ ነው። መቼ ነው የምትጨርሱት?»

«አርብ።»

«ፖሌ፣ ይቅርታ፣ አትቆጣ በቃ። የኔም አርብ ነው።»

ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እናትሽ እኮ ሞታለች ሊላት፣ እዚያው ሰሃኑ ላይ ሊዘረግፈው። ቀና ሲል ላፕቶፗን እየከፈተች ነው። ከጉርሻው ጋር ዋጠው።

ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ኪሊማኒ ምግብ ቤት ያላቸው የአባቱ ጓደኛ፣ ጋሼ አስቻለው ጋ ሄደ።

«እኔ ልነግራት አልችልም» አላቸው። «መርዶ በሽማግሌ ነው ወጉ። ቅዳሜ ማለዳ ኑልኝ።»

«እንመጣለን ልጄ። ብቻ ስትሰማ እንዳትወድቅ አጠገቧ ሰው ይቁም።»

«እኔ እይዛታለሁ» አለ።

አርብ ሲገባ ሐሊና ፈተናዋን ጨርሳ ላፕቶፑ ተዘግቷል። እንኳን ደስ አለሽ ሊላት ፈለገ፤ አልወጣውም።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና። አንተስ? ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን። ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት ነኝ፣ ወለል ነው የምንሠራው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ሻወር ገባች። ውኃው ብዙ ፈሰሰ። አዎ፣ ለምረቃዋ ትታጠብ፣ አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ አሳዘነችው። ነገ በዚህ ሰዓት ምን ትሆን ይሆን?

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ኢዮኤል ጋሼ አስቻለው ናቸው ብሎ ከፈተ። እማማ ብዙነሽ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እሱ ለእማማ ብዙነሽ አልነገራቸውም። ጋሼ አስቻለው ልከዋቸው ይሆናል አለ በሆዱ።

ሴቶቹ ገብተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። የሚቀመጥ የለም። ሐሊና ተነስታ ለብሳለች፤ ክፍሉ መሐል ቆማ እግሯን ታያለች።

ኢዮኤል ከኋላዋ ሄዶ ተጠጋት። ጉልበቷ ቢከዳት ብሎ ሁለት እጁን በብብቷ ሥር አዘጋጀ።

እማማ ብዙነሽ ሐሊናን አልፈው መጡና የሱን እጅ ያዙ፤ «ኢዮኤል ልጄ፣ አትቀየመን፤ ከፎቁ እስኪወርድ እንዳትነግሩት ብላ እህትህ ለምናን ነው።»