የዋስካር ኮምፒውተር ለምን ይጠፋል?

ላ ቬጋ ከተማ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚረገመው መብራት ነው። ሩዙ ቢያር መብራት፣ ልጁ ፈተና ቢወድቅ መብራት፣ ሚስት ብታኮርፍ መብራት። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜም መብራት ነው። ስለዚህ የዋስካር ኮምፒውተር ጨዋታ መሀል ድርግም ማለት ሲጀምር ሰፈሩ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም።

ዋስካር ከከተማው የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቾች አንደኛ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚህ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ሌላ ሥራም አይፈልግም። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት ስሙን እየጠሩ ይከተሉታል። ቅዳሜ ከሰዓት ቡድኑ ወሳኝ ግጥሚያ አለበት፤ ያሸነፈ ሜክሲኮ ሄዶ ይጫወታል። የቡድኑ አለቃ ራዳሜስ ደግሞ ቁርጡን ነግሮታል። ቅዳሜም ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል።

ከእሱ ይልቅ እንቅልፍ ያጣችው ታላቅ እህቱ ያሃይራ ናት። ጸጉር ሠሪ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ወንድሟን ያኖረችው በማበጠሪያና በካስክ ነው። ሰሞኑን ጺሙን እንኳ የምትላጨው እሷ ናት።

"ሰነፍክ እኮ አንተ፤ ሙሽራ መሰልክ" እያለች ትቀልድበታለች። እሱ አገጩን ይሰጣታል።

ኮምፒውተሩ ፊልም ሲያሳይ ደህና ነው። ቀላል ጨዋታ ላይም ደህና ነው። ከባዱ ጌም ተከፍቶ ነገሩ ሲጦፍ ግን ጭልም ይላል።

ያሃይራ በፎጣ ጠቅልላ ጠጋኙ ኤልቪን ዘንድ ወሰደችው። ኤልቪን አቧራውን ነፋ፣ ፋኑን ቀየረ፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገጠመለት። ከዚያ ካሉት ጌሞች ከባዱን ከፍቶ ከምሳ እስከ ምሽት ራሱ ተጫወተበት።

"አልጠፋም?" አለችው ልትወስድ ስትመጣ።

"ንቅንቅ አላለም። የሞትኩትስ እኔ ነኝ፤ ውርጋጥ ሁሉ ተኩሶ ጨረሰኝ።"

"ታዲያ እኛ ቤት ሲገባ ምን ይነካዋል?"

"የቤታችሁ መብራት ነዋ፣ የኔ እህት። ጎናችሁ ብየዳ ቤት አይደል?"

ያሃይራ በራሷ ተናደደች። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበችውም? በያጁ ዶን ታንክሬዶ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚዋሰናቸው። ማሽኑን በነካ ቁጥር የእነሱ አምፖል ይደበዝዛል። ኮምፒውተሩን እንዳቀፈች ሄደችበት።

"ዶን ታንክሬዶ፣ ስለ እግዜር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ አይበይዱ።"

"መብራት ኃይልን ትተሽ እኔ ላይ መጣሽ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።"

"ሕይወቱ ነው፣ ዶን ታንክሬዶ። ይሄ ካመለጠው ወንድሜ ምን ይሆናል?"

ሽማግሌው የብየዳ ጭንብሉን ከፍ አድርጎ አያት። ለእሁድ የሚያደርሰው የቤተ ክርስቲያን በር ነበረው።

"ለዋስካር ከሆነ እሺ" አለ። "ከዚህ ሰፈር በቴሌቪዥን የታየ እሱ ብቻ ነው። ቄሱ በሩን ሰኞ ይዝጉ።"

ያሃይራ በዚህም አልረካችም። መብራት ሲሄድ የምትሠራበትን የጸጉር ቤቷን ኢንቨርተር ከነባትሪዎቹ ነቅላ ቤት አመጣች። ቅዳሜን የሚያህል የገበያ ቀን ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው ብላ ለጠፈች። ደንበኞቿ አኮረፉ፤ አንዷማ ሥራው መሀል ላይ ተቋርጦባት ባለ ግማሽ ቀለም ጸጉሯን ሸፍና እየተራገመች ሄደች።

ዓርብ ዕለት ራዳሜስ ያሃይራ ስልክ ላይ ደወለ። "ምን አስጨነቃችሁ? እኔ ቤት ይምጣና በእኔ ማሽን ይጫወት።"

"በሰው ኪቦርድ አይሆንልኝም" አለ ዋስካር ከአጠገቧ ሆኖ።

"ልክ ነው፤ በሰው ጫማ ይሮጣል እንዴ?" ብላ ያሃይራ ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ለምሳ ሳንኮቾ የሚሉትን የሥጋ ሾርባ ሠራችለት። ዋስካር መረቁን ትቶ ሥጋውንና ካሳቫውን ብቻ በጣቱ እያነሳ በላ። ጭንቀት ነው ብላ አለፈችው። እሷም ራሷ አልበላላትም። ከዚያ ግንባሯን ስሞ ክፍሉ ገባና በሩን ቆለፈ።

ያሃይራ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ከዶን ታንክሬዶ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽማግሌውን ታምነዋለች፤ ግን ሰው ይረሳል። ጨዋታውን በስልኳ በቀጥታ ይከታተሉት ጀመር። የብየዳ ማሽኑ ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አምፖሉ አልደበዘዘም። ውጤቱ እኩል ለእኩል ሆኖ የመጨረሻው ዙር ደረሰ። የዋስካር ጓዶች አንድ በአንድ ወጡ፤ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ቀረ። ፊት ለፊቱ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዋስካር ተኮሰ፤ ሳተ። ደግሞ ተኮሰ፤ ሳተ።

"እሱ እኮ እንዲህ ያለውን አይስትም" አለ ዶን ታንክሬዶ።

"ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈበት ነው" አለች ያሃይራ። "እመቤቴ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።"

የዋስካር ስም ከስክሪኑ ላይ ጠፋ።

ነጠላ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። በሩን ደበደበች።

"ጠፋብኝ፣ እታለም" አለ ዋስካር ከውስጥ። "እንደገና ጠፋ።"

ያሃይራ በሩ ሥር ቁጭ አለች። ስልኳ ጮኸ፤ ራዳሜስ ነው። ከመናገሩ በፊት አለቀሰችበት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ባትሪዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ማወቅ ነበረብኝ። እባካችሁ አትፍረዱበት።"

ራዳሜስ አቋረጣት። "ማን ይፈርድበታል?" አላት። "ቦታውን ለሌላ መስጠቴ አይቀርም፣ ቃሌ ነው። ግን እንደ ዋስካር ያለ ተጫዋች በዚህ አገር አልተፈጠረም። ይህ የተረገመ መብራት በላው እንጂ።"

ያሃይራ ወንድሟ ይህን ቢሰማ ይጽናናል ብላ ስልኩን ወደ በሩ አስጠጋችው።

በሩ ማዶ ዋስካር ምላጭም ማንኪያም መያዝ ያቃታቸውን የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ቅድም በእግሩ አውራ ጣት ያጠፋውን የሶኬት ማከፋፈያ በዚያው ጣት መልሶ አበራው።