ያልተፈረመው ቅጽ

«እኔ ብሆን በሩን በእርግጫ ነበር የምገነጥለው!» አለች ታናሽየዋ፣ ሳሎን ውስጥ የአባታቸውን ሸሚዝ ለምትተኩሰው ታላቅ እህቷ። በምታነበው አሮጌ ልብወለድ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ «ሴት ተምራ የት ልትደርስ!» ባለው አባቷ ጓዳ ተቆልፎባት ታለቅስ ነበር። ለቅሶው ለታናሽየዋ ጨርሶ አልጣማትም። ገጹ እንዳይጠፋባት ምልክት ያደረገችበት ወረቀት የራሷ የሁለተኛ ደረጃ መመዝገቢያ ቅጽ ነበር። ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ ያለ አባቷ ፊርማ ደግሞ አይሆንም። «አባባን ዛሬ በሚመጡት እንግዶች ፊት አስፈርማቸዋለሁ፤ ታያለሽ!»

እንግዶቹ ከአባቷ ጋር ሲገቡ ብድግ ብላ ቅጹን መዘዘች። አባቷ ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም። «በሉ እናንተ፣ ወደ ውስጥ» አሉ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጭፈው። ቅጹን መጽሐፉ ውስጥ መልሳ ወሸቀችና እህቷን ተከትላ መኝታ ቤት ገባች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደምታደርገውም በሩን ቀስ አድርጋ ገፍታ ሸጎረችው።

እህቷ ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘረጋችና የተሸጎረውን በር አየች።

«አይ ጀግናዋ! ያቺ የመጽሐፍሽ ልጅ እንኳ በሩን የቆለፈባት አባቷ ነው። አንቺ በገዛ እጅሽ ሸጎርሽው።»