ዴልበርት ጭሱን ሲያስቀር

ዴልበርት በእጁ የነካው ነገር ሁሉ ይጣመማል። የሰቀለው መደርደሪያ ከነሳህኑ ወድቋል፤ የገጠመው በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። ይህን ሌላ ሰው ሳይቀድመው ራሱ ያወራዋል። እንግዳ ሲመጣ በሩን እያሳየ «የእጄ ሥራ ነው፤ ሌባ ቢመጣ እንኳ ግራ ይጋባል» ይላል። የፍራሽ ፋብሪካው ተዘግቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ደግሞ በራሱ ላይ መቀለዱን አብዝቶታል።

በአንድ ነገር ግን አይቀልድም። በየዓመቱ በረዶ ሲጥል፣ ባሩድና አረሩን ከአፈሙዙ በሚጎርሰው ጠመንጃው አንድ አጋዘን ይጥላል። ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው፤ ከሥራ ከወጣ በኋላ ግን አንድም ዓመት አልሳተም። «ሰው ሲርበው ዓይኑ ይጠራል» ይላል። ቀንዶቹ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የሰቀላቸው ሃርላን ስለሆነ አልወደቁም።

ሃርላን የሚስቱ የዊልማ ታላቅ ወንድም ነው። አደን ሲወጡ እሱ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ይቀመጣል። ጠመንጃው የዴልበርትን የመሰለ ነው፤ ግን ምንም ጥሎ አያውቅም። የዴልበርት ተኩስ እያስደነገጠው እሱም በዚያው ቅጽበት ቃታ ይስባል እየተባለ ይሳቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። አጋዘኑን ገፎ የሚበልተው እሱ ነው፤ ዴልበርት ቢላ ከያዘ አምቡላንስ መጥራት ይመጣል።

ዴልበርትን የሚቆጨው ጭሱ ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ሲነድ ፊቱ ላይ ነጭ ደመና ይዘረጋበታል፤ ደመናው ሲገፈፍ አጋዘኑን ወድቆ ያገኘዋል።

«ስንቱን ጣልኩ፤ አንዱን እንኳ ሲወድቅ አላየሁም» አለው አንድ ቀን ለሃርላን። «የገዛ ሠርጌን ተኝቼ እንዳሳለፍኩት ቁጠረው።»

ስለዚህ ጠመንጃውን ጭስ አልባ ባሩድ እንዲተኩስ አድርጎ ሊያስቀይረው ቆረጠ። የቀድሞው አፈሙዝ የዚያን ባሩድ ጉልበት አይችልም፤ ቢሞከር ፊት ላይ ይፈነዳል። ዴልበርት የራሱን እጅ ስለሚያውቅ መፍቻ እንኳ አላነሳም። ከተማ ላለ ጠመንጃ ሠሪ ሰጠውና ወፍራም አፈሙዝ፣ ከኋላ የሚደፍን አዲስ ብሎንም ተገጠመለት። ከቀድሞው የተረፈው ሰደፉና ቃታው ብቻ ነበር።

ሃርላን ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ጭራሽ አይጨስም?»

«ጭራሽ።»

«ትንሽም?»

«የምን ትንሽ? ሥጋ ልታጨስበት ነው እንዴ?»

«አረሩስ? ከኔው ጋር እኩል ነው?»

«ያንተ እንደ ድንች ነው። የኔ ቀጠን ያለ ነው።»

ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «አማቼ፣ ስማኝ። የሚሠራ ነገር አይነካም። የድሮው ምን አጎደለብህ?»

ምቀኝነት ነው፣ አለ ዴልበርት በልቡ። ዕድሜ ልኩን ሲስት የኖረ ሰው፣ ሌላው ሲቀናው ማየት አይወድም። ይባስ ብሎ ዊልማም ከወንድሟ ጎን ቆመች።

«የሚልህን ብትሰማው ምናለ?»

«አንቺ የማን ሚስት ነሽ?»

«የማን እህት እንደሆንኩም አልረሳሁም» አለችና የባቄላ ወጧን ማማሰል ቀጠለች።

ጠመንጃው ሲሞከር ሃርላን አብሮ ሄደ። ሠሪው ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ በማሰሪያ ጠፍንጎ ተኮሰ፤ የዒላማው ወረቀት መሃል ለመሃል ተበሳ። ዴልበርት ተቀብሎ ተኮሰ፤ ሌላ ቀዳዳ አልታየም። ደገመ፤ አሁንም ወረቀቱ እንዳለ ነው።

«እኔ ሥጋ ካላየሁ እጄ አይታዘዝም» ብሎ ሳቀ።

ሃርላን አልሳቀም። ጠመንጃውን ክፉኛ አፍጥጦ ያየው ነበር፤ ዴልበርትም ያቺን አስተያየት አልወደዳትም። በማግሥቱ ሃርላንን ጋራዡ ውስጥ ጠመንጃውን ሲያገላብጥ ያዘው።

«ምን ፈለግህ?»

«ላየው ብዬ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃው አልጋ ሥር ማደር ጀመረ።

የአደኑ ዕለት ጠዋት፣ ፒካፑ አጠገብ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ሲለብሱ ሃርላን ጠጋ አለ።

«ዛሬ እንለዋወጥ። አንተ የኔን ያዝ፤ ያንተን እኔ ልሞክርልህ።»

«አይሆንም።»

«ስለምወድህ ነው የምልህ።»

«አውቃለሁ፤ ቀንዶቼንም ትወዳቸዋለህ።»

ሃርላን የሰደርያውን ቁልፍ ቆለፈ። «እንግዲያው ስትተኩስ ዓይንህን ጨፍን። አዲስ ብረት አይታመንም» አለና ወንዙን ተሻገረ።

ዴልበርት ዛፍ ላይ የተሠራችው መቀመጫው ላይ ወጣ፤ ፍርሃት ያዘው። ሃርላን የሆነ ነገር ነካክቶበት ይሆን? ብሎኑን አየ፤ አፈሙዙን በዘንግ ፈተሸ፤ ቃታውን ዳሰሰ። ምንም አላገኘም። ፈንድቶ ቢገድለኝ እንኳ፣ ሰው «ራሱ ገጥሞት ነው» ማለቱ አይቀርም ብሎ አሰበ። ከሞቱ ይልቅ ያስጠላው ይኼ ነበር።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አጋዘኑ መጣ። አንገተ ወፍራም፣ ቀንደ ሰፊ ነው። ወንዙ ዳር ቆሞ ቅጠል እያኘከ ጎኑን ሰጠው።

ዴልበርት አነጣጠረ። ሰው በዓለም ላይ አንድ ነገር እንኳ አሳምሮ ከሠራ፣ ያችን በዓይኑ ማየት ይገባዋል። ዓይኑን አልጨፈነም። ቃታውን ሳበ።

ጠመንጃው አልፈነዳም። ትከሻውን ገፋ አድርጎት ዝም አለ፤ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ከወዲህ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ማዶው ኮረብታ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታየው። ከአጋዘኑ በላይ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በረዶው ላይ ወደቀ። አጋዘኑ ቅርንጫፉን ዞር ብሎ አየውና ቅጠሉን ማኘክ ቀጠለ።

ያን ጊዜ ከማዶ፣ ከሃርላን ኮረብታ፣ ነጭ ጭስ ቡን ብሎ ወጣ፤ አጋዘኑም ወደቀ።