የጎደለችው ዜሮ

ሁለት መቶ ሃያ አምስት ብሎ ይጽፍና ከኋላው ሃያ ሰባት ዜሮ ደርድሮ ብዕሩን ያስቀምጣል። አንድ ዜሮ እንደሚቀር አሳምሮ ያውቃል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ በስልኩ ፎቶ ያነሳና፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ብሎ ለልጁ ይልካል።

ጥያቄው የእሷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትልክለታለች። የዛሬው፣ የአንተ ጣቢያ በሙሉ አቅሙ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ የሚያመነጨው ኃይል በኤሌክትሮን ቮልት ስንት ይሆናል የሚል ነው። ጣቢያው መቶ ሜጋዋት የሚያመነጭ የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ኖሯል ማለት ይቻላል። ኤሌክትሮን ቮልት ደግሞ ፊዚክስ የምታስተምረው ልጁ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ የምትለካባት የኃይል መለኪያ ናት፤ ከማነሷ የተነሳ አንዲት የምትበር ትንኝ እንኳ ብዙ ቢሊዮን ትይዛለች። ገና ተማሪ ሳለች፣ የእኔና የአንተ ሥራ አይገናኝም ብላ ስትቀልድበት፣ የማይገናኝ ነገር የለም፣ ዜሮ መደርደር ብቻ ነው ብሏት ነበር። ጨዋታው ያኔ ተጀመረ።

ስሌቱ አልከበደውም። መቶውን ሜጋዋት በአንድ ሰዓት ሰከንዶች አባዝቶ ወደ ጁል አወረደው፤ ጁሉን ደግሞ ለኤሌክትሮን ቮልቷ አካፈለው። ዜሮዎቹ የወረቀቱን ጠርዝ ሞልተው ወደ ሁለተኛ መስመር ዞሩ። የዚያ ሁሉ ውኃ ጉልበት በልጁ ሚዛን ሲቀመጥ ማየት ደስ ይለዋል።

መልሱ ልክ ሲሆን የአውራ ጣት ምልክት ትልክለታለች፤ የሳምንቱ ወሬ ያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ከምሩ ተሳሳተና ወዲያው ደወለች። እየሳቀች አረመችው፤ ከዚያ ምን በላህ፣ ያ ሳል ለቀቀህ ወይ፣ ጎረቤቶችህ ይጠይቁሃል ወይ እያለች ስልኩ ጆሮው ላይ እስኪግል ድረስ ተጫወቱ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ሽማግሌው ጃጀ እንዳትል ግን ያራርቀዋል፤ በዚህስ ጥንቁቅ ነው።

ራሱ ቢደውልስ? ሞክሮታል። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ሰላም ነው አይደል ብላ ስታንሾካሹክበት፣ የሰው ዕቃ እንደሰበረ አፍሮ ዘጋው። ደግሞስ ምን ብሎ ይጀምራል? እናቷ በሕይወት ሳለች ስልኩን ይዛ የምታወራው እሷ ነበረች፤ የእሱ ድርሻ ከጎን ሆኖ ሰላም በይልኝ ማለት ነበር። አሁን በይልኝ የሚላት የለችም። በዚህ ሳምንት ረጅሙን ወሬ ያወራው ከባለሱቁ ጋር ነው፤ እሱም ስለ ዳቦው መድረቅ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ ያደርገዋል። ሳህን ሊያጥብ ይነሳና፣ የውኃው ድምፅ ጥሪውን እንዳይውጥበት ፈርቶ ቧንቧውን ይዘጋል። ድምጿን መስማት ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ስልኩ አንዴ ይንቀጠቀጥና ዝም ይላል። ጥሪ አይደለም፣ መልእክት ነው።

«ልክ ነው አባዬ፣ ጎበዝ። ሰኞ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ የአባቴ ስሌት ነው ብዬ።»

ደግሞ ያነበዋል። ስሕተቱን አላየችውም፤ እሱን አምና ነው ያለፈችው። ወዲያው ድንጋጤው ይመጣል። መቆጣጠሪያ ክፍል ሳለ በስልክ የተነገረን ቁጥር የሰማው ሰው መልሶ ካልደገመው፣ እንዳልተነገረ ነበር የሚቆጠረው፤ ማንም ማብሪያ አይነካም። በዚያ ሕግ አርጅቶ አሁን ልጁን በተማሪዎቿ ፊት መሳቂያ ሊያደርጋት ነው። አንዱ ቀልጣፋ እጁን ማውጣቱ አይቀርም፤ መልሱ በአሥር እጥፍ አንሷል ይላታል።

አንድ ዜሮ ጨምሪ ብሎ ይጽፋል፤ ይደመስሰዋል። በምላሹ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ አውራ ጣት ነው። ይደውላል።

ገና አንዴ እንደጠራ ታነሳዋለች።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

ምንም እንዳልሆነ፣ የደወለው ስለ መልሱ እንደሆነ ይነግራታል። ከኋላው ያለው ሃያ ሰባት ሳይሆን ሃያ ስምንት ዜሮ ነው ይላታል። በወዲያኛው ጫፍ የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማዋል። እየሠራች ነው የምታወራው።

«እውነትህን ነው» ትላለች፣ መጻፏን ሳታቋርጥ። «ይቅርታ አባዬ፣ አላየሁትም፤ ሩጫ ላይ ነኝ። እንዴት አገኘኸው ግን? እንደገና ሠራኸው?»

አዎ ብሎ መገላገል ይችላል። ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል።

«አልሠራሁትም» ይላታል። «መጀመሪያም አውቄ ነው የተውኩት።»

«አውቀህ? ለምን?»

ወደ ገንዳው ዞር ይላል። ሳህኑ ሳይታጠብ እንዳለ ነው።

«እንድትደውይልኝ ብዬ።»

የቁልፎቹ ድምፅ ይቆማል።