የተረፈው ቫዝሊን

አውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ፈታሿ ቫዝሊኑን ከመንገደኛዋ ቦርሳ አውጥታ፣ "እህቴ፣ ይኼ በእጅ አያልፍም" አለቻት።

"ለእናቴ ይዤላት ስመጣ እኮ አልፏል። ሙሉውን አሳልፋችሁ ግማሹን ትከለክሉኛላችሁ?"

"ያኔ የፈተሸሽ ዝም ብሎሽ ይሆናል። የሚታየው የዕቃው ትልቅነት እንጂ የቀረው አይደለም።"

ጥቁር የለበሰችው መንገደኛ ክዳኑን ከፈተችው። የእናቷ ጣት ለመጨረሻ ጊዜ የዛቀበት ጎድጓዳ እንዳለ ነበር። እናቷ የደብረ ታቦር ብርድ የሰነጠቀውን እጇን ቀብታ ስትጨርስ፣ የተረፈውን እንደ ሕፃን የልጇ ጉንጭ ላይ ታብስላት ነበር።

ፈታሿ ጥቁር ልብሷን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ነፍስ ይማር። በይ ከሚጣል ትንሽ ተቀቢው።"

"አርባዋ እንኳ ሳይወጣ? ሐዘንተኛ ይቀባል እንዴ?"

"ኧረ እንለፍ!" አለ ከኋላ የተሰለፈ ሰው። "አውሮፕላን እንደ አንበሳሜ ከተማ ሚኒባስ ቆሞ አይጠብቅም!"

ሴትዮዋ ጣቷን ጎድጓዳው ውስጥ ከተተች፤ ልክክ አለ። ይዛ ያወጣችውን ቀስ ብላ ጉንጯ ላይ አበሰችና ዕቃውን ራሷ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው።

"እንኳን ተቀባሽ" አለች ፈታሿ።

"እኔ አልተቀባሁም" አለቻት። "እናቴ ናት የቀባችኝ።"