አውራ ጣት

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የሰፈራውን መዝገብ ዘርግቶ እስክሪብቶ አቀበላት። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ «ማንበብ ከቻልሽ ማንም አያታልልሽም» ብሏት፣ ቃሉን ይዛ በአርባ ዓመቷ ስሟን መጻፍ ቻለች። ትናንትም የኩልመስክን ገበሬ ሰብስቦ «አዲስ አገር እናቀናለን፤ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ» ሲል ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ነበረች።

አሁን «በፈቃዳቸው የሚሄዱ» ከሚለው ጀምራ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች። የእሷ አለ፤ የእሱ የለም።

«አንተስ?» አለችው። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የምትለው።

«እኔማ ሌላውን ሕዝብ መቀስቀስ አለብኝ» አለ፣ በሩ ላይ የቆመውን ታጣቂ እያየ። «በይ፣ እንደ ተማረ ሰው ፈርሚ።»

እስክሪብቶውን መለሰችለት። ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ፣ ስሟ እስኪጠፋ ድረስ ስሟ ላይ ተጫነችው።