አልጣሽ የላከችው ማሽን

ደምሌ ማሽኗን በጥፊ ሊላት እጁን ሲያነሣ ብርቄ ክንዱን ለቀም አደረገችው።

«ተይኝ!» አላት ሚስቱን። «ከጎንደር እስከ ወሎ ደምሌን በቀይ ዓይን አይቶ በሰላም ያደረ ወንድ የለም። ይቺ የቆርቆሮ ቁራጭ ናት የምትጠቅሰኝ?»

እውነትም ትጠቅሰው ነበር። ግንባሯ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጁ አልጣሽ ከቤይሩት የላከቻት የቡና ማሽን ናት። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ አቻ የላትም፤ ደምሌ እንደሚለውማ ከዓባይ ወዲህ እንዲህ ያለች አልታየችም። የፍየል ቃጭል የምታህል፣ ቡና የታሸገባት እንክብል ያጎርሷታል፣ ቁልፏን ይጫኑላታል፣ ያለቀለት ቡና ታወርዳለች። ማውረድ ነበረባት። ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ግን ስታጓራ እንጂ ጠብታ ሲወጣት አልታየም።

ይኼ ሁሉ ውርደት የደረሰው ደግሞ በይስማው ፊት ነው። ይስማው ጎረቤት ነው፣ የእህል ነጋዴ ነው፣ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቷል። በተነቃነቀ ቁጥር የሶፋው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። በደምሌ ቤት ከሱቅ የመጣ ዕቃ ላስቲኩ አይገፈፍም፤ አዲስነቱ በምን ይታወቅ! ቴሌቪዥኑም ቢሆን እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ፣ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ጉም ውስጥ የቆመ መስሎ ነው የሚታየው።

ባለፈው ማኅበር ይስማው ጠላው ሞቅ ሲያደርገው «ልጅህማ እዚያ የሰው ገረድ ናት» ብሎት ነበር። ደምሌ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ «አልጣሽ የቤቱ አዛዥ ናት! እሑድ መጥተህ በገዛ ጉሮሮህ ታየዋለህ!» አለ፤ ያልሰማ አልነበረም፤ ጉና ተራራም ሳይሰማው አልቀረም። ይኸው እሑድ ሆነ።

«ደምሌ» አለ ይስማው፣ አንዷን እንክብል አገላብጦ እያየ። «ይቺ ከምግብ በፊት ነው የምትወሰደው ወይስ በኋላ?»

«አፍህን ያዝ! ይቺ ስትነሣ ወረዳውን ታጠጣለች።»

«ጀበናዋን ልጣዳት እንዴ?» አለች ብርቄ ቀስ ብላ።

«ብትጥጃት ታቦት ቢገላግለን አልታረቅሽም!»

ስልኩ ጮኸ። አልጣሽ ናት፤ እሑድ እሑድ በዚህ ሰዓት ትደውላለች። ደምሌ ይስማው እንዲሰማ ብሎ ድምጹን ለቀቀውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከማሽኗ አጠገብ አቆመው። «ማሽንሽ አመጸችብኝ!» አላት።

«አባዬ፣ ቀይ እያበራች ነው? ሶኬቱን ይንቀሉት። ትንሽ ትረፍ።»

«ማረፍ ያለብኝስ እኔ ነኝ!» ነቀለው።

«አሁን መልሰው ይሰኩና ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። እንዳይለቁ።»

ደምሌ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ተከለባት። ያመጸ ወይፈን ቀንበር ሥር ሲያስገባ እንኳ እንደዚያ አልተጫነም። ማሽኗ አጓራች፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ዶሮ ከቆጧ ወደቀች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቡና ግን የለም። ቀይዋ ዓይን እንደገና ጠቀሰችው።

«አዛዧን ሎሌዋ አልሰማ አለቻት» አለ ይስማው።

የደምሌ የአንገት ሥር ገመድ አከለ።

«አባዬ፣ የውሃ መያዣውን አንሥተው ሥሩን ይዩት። ቀይ ላስቲክ ተለጥፎበት ነበር፤ ተላጠ?»

«ማን ወንድ ይልጠዋል!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው! ዝንብ አላረፈበትም!»

አልጣሽ ሳቀች። ብርቄ የልጇን ሳቅ ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ ውሃው እኮ የሚሄደው በዚያ ነው። ይላጡት።»

«አዲስ ዕቃ! እኔ? በገዛ እጄ?»

«ይላጡት አባዬ።»

ላጠው። የገዛ ቆዳውን የገፈፈ ያህል ፊቱ ተኮማተረ። ላስቲኳንም አልጣላትም፤ አጥፎ ኪሱ ከተታት። ሁለቱን ቁልፎች ዳግመኛ ሲጫን ማሽኗ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ተፋች፣ ቀይዋ ዓይን አረንጓዴ ሆነች፤ ጥቁር ቡና፣ የወርቅ አረፋ ለብሶ፣ ስኒዋ ውስጥ ወረደ።

«በል ይስማው! ጉሮሮህን አዘጋጅ! አዛዥ ናት ወይስ አይደለችም?»

ይስማው እያጉረመረመ እጁን ዘረጋ።

«ወረደ አባዬ?»

«እንደ ጢስ ዓባይ ልጄ! እንደ ጢስ ዓባይ!»

«ቀመሱት? ምን ምን ይላል?»

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺ የምታውቂው ነዋ!»

«እኔማ ሽታውን ነው የማውቀው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «የዚህን ቤት እንክብሎች እመቤቲቱ ቆልፋባቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ታወጣልኛለች፤ አፈላለሁ፣ ስኒውን አጥባለሁ። ምን ዓይነት ይሆን እያልኩ ነው የላክሁት። ይንገሩኝ እስቲ፤ ይመራል?»

የሶፋው ላስቲክ አልተንኮሻኮሸም። ይስማው ቀና ብሎ «አላልኩህም?» የሚልበት ጊዜ አሁን ነበር። አላለም።

ደምሌ አፉን ከፈተ። ባሕር ተሻግሮ የቤይሩትን ጣሪያ ሁሉ የሚነቅል ስድብ ጉሮሮው ላይ ደረሰ።

«ቀስ ይበሉ አባዬ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ፣ ትንፋሹን ሰምታ። «እመቤቲቱ ተኝታለች።»

ስድቡን ዋጠው። ሲወርድ ከኮሶ ይልቅ መረረው። ይስማው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ደምሌ ስኒዋን በሁለት እጁ አነሣና፣ ሳያፈስስ፣ ሳያንኳኳ፣ ስልኩ ፊት አኖራት።

«ቆይ ልጄ» አለ። «ትንሽ ይብረድልሽ።»

እንፋሎቱ የስልኩን መስታወት አላበው።